እንግዳ እስከ የት ነው?

መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። በሩ ሥር ተደርድሯል፤ የላስቲክ ጫማ፣ ሸበጥ፣ ከሁሉም ጥግ ደግሞ አንድ ቀለም የጠገበ የከተማ ቆዳ ጫማ። ፖሊሱ ከኋላዬ በሩን ሲዘጋው ጫማውም ጠፋኝ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምደው ቆሜ ቀረሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ። አየር የሚገባው ግድግዳውና ቆርቆሮው ሳይገናኙ በቀሩበት ክፍተት ነው። ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ምን እንደሆነ ሽታው ይናገራል። ወሩ ኅዳር ነበር። የማርቆስ ከተማን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከወለሉ ተነሥቶ በእግር ነው የሚገባ።

"እንደምን ዋላችሁ?" አልሁ። እስር ቤትም ቢሆን ሰው ያለበት ቤት ሲገባ ሰላምታ ይቀድማል።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ" አለኝ አንድ ድምፅ ከወደ ውስጥ።

"ገብተዋል እኮ!" አለ ሌላው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

የታሰርሁበት ነገር ረጅም አይደለም። ምርጫው አልፎ አገሩ ገና አልበረደም ነበር። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። አንድ ቀን ፀሐይ ስትገባ ከብቶቹን በረት አስገብቼ መዝጊያውን ስቀረቅር፣ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው "ቤቶች! መሽቶብኛል፤ የእግዜር እንግዳ አሳድሩ" አለ።

"ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ" አልሁት። ሌላ ምን ይባላል?

ገባ። ባለቤቴ ውሃ አሞቀች፤ እግሩን አጠብሁት። የብዙ መንገድ እግር ነበር። የጾም ወጥ ቀረበለት፤ በላ። ስሙን አልጠየቅሁትም። እኛ ዘንድ እንግዳን ሳይበላ ስምህ ማን ነው ማለት ነውር ነው። ከበላ በኋላ ደግሞ ራሱ ካልተናገረ እኔን ምን አስቸኮለኝ? ስለ ዝናቡና ስለ ዋጉ ስናወራ ቆየንና ተኛ። በማለዳው ሸኘሁት።

ከደጄ የሚወጣው መንገድ ሦስት ነው። አንዱ ወደ ማርቆስ ይመጣል፤ አንዱ ወደ ደብረ ኤልያስ ገበያ ይሄዳል፤ አንዱ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰውየው በአንዱ ሄደ። እኔም እንደ ወጉ አብሬው ሄድሁ። የሚያሳስተው መታጠፊያ ሲያልፍ "በሰላም ያግባህ" ብዬ ተመለስሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ፖሊስ መጣ። ሰውየው ለካ መንግሥት የሚፈልገው ኖሯል። ወረቀት በትኗል አሉ፤ ሰው አሳድሟል አሉ። እኔ ቤት ማደሩን ማን እንደነገራቸው አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልጣርሁ።

መርማሪው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየትኛው መንገድ ሸኘኸው? ከተናገርሁ የዚያኑ ዕለት ቤቴ እገባለሁ። ካልተናገርሁ ግብረ አበር ተብዬ እከሰሳለሁ። ቁርጡን ነገረኝ። እኔም ዝም አልሁ። የገባሁበት ቤት እንግዲህ የዝምታዬ ቤት ነው።

ውስጥ ብዙ ነበርን፤ ለዚህ ነገር ግን ሦስት ሰው ይበቃኛል። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ነው። ያኔ ባጃጅ ለማርቆስ አዲስ ነበረች። የማያውቀውን ሰው አሳፍሮ የታሰረ ነው፤ ቀልዱ ግን አልታሰረም። ሁለተኛው መሪጌታ ናቸው፤ ዲማ ቅኔ የተማሩ፣ በዓውደ ምሕረት በተናገሩት የተያዙ። ሦስተኛው የዚያ የቆዳ ጫማ ባለቤት ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር። እሱ ምን እንዳደረገ ጠይቄው "ጥያቄ መለስሁ" አለኝ። ከዚያ በላይ አልገፋሁትም።

ሹፌሩ በገባሁ በማግሥቱ ምክር ሰጠኝ።

"አባቴ፣ 'ጭጋግ ነበር፤ የሄደበትን አላየሁም' ይበሉ። ኅዳር እኮ ነው። ጭጋግን ማን ይመሰክርብዎታል?"

"ጭጋግ አልነበረም" አልሁት።

"ኧረ ጭጋግ አለመኖሩንማ እኔም አውቃለሁ!"

"ታዲያ የሌለውን እንዴት ነበር ልበል?"

ወደ መሪጌታ ዞሮ "እኚህ ሰው እዚሁ ሊያረጁ ነው" አለ።

"አርጅተው ነው የመጡት" አሉት መሪጌታ።

መምህሩ ጠዋት ከቆጠራ በኋላ ያስተምራል። ከሰል ከየት እንደሚያገኝ እንጃ፤ ግድግዳው ላይ ይጽፋል፤ ሲጨርስ በክርኑ ያጠፋዋል። ትምህርቱ በቀን ሁለት ቃል ነው። ወንድማማች የሚመስሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ያመጣና የት ላይ እንደሚለያዩ ያሳያል። "ቃል ብቻውን አይታወቅም፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላ ነው የሚታወቅ" ይል ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የአማርኛውንም እየተንተባተብሁ ነው የማነብ። ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ግድግዳውን ተደግፌ እሰማለሁ።

የማልረሳው የጠያቂ ቀን ነበር።

ባለቤቴ ስንቅ ይዛ መጥታ በአጥሩ በኩል አገናኙን። ፖሊሱ በመካከላችን ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ፊቷን ፀሐይ መትቶታል፤ እጇ ላይ የማጭድ ቁስል አለ። ብቻዋን እያጨደች መሆኑን ሳትነግረኝ አወቅሁ።

"ጤፉ እንዴት ነው?" አልኋት።

"ነጥቷል። የላይኛው ማሳ መርገፍ ጀምሯል።"

"ጎረቤትስ?"

"ጎረቤት የራሱን ያጭዳል። የእኛን ደጅ ለመርገጥም ፈርቷል። ወንድሜ እመጣለሁ ብሏል፤ እሱም የራሱን ሲጨርስ።"

ፖሊሱ "ጨርሱ" አለ።

"ስማ" አለችኝ፤ "ተናግረህ ና አልልህም። አልተናገርህም ብዬም አላመሰግንህም። እግሩን ስታጥብ ውሃውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ይገባኛል። ጤፉ ግን እየረገፈ ነው።"

ስንቁን ሰጥታኝ ሄደች። ስትሄድ ዘወር ብላ አላየችኝም። ከታሰርሁ ጀምሮ ያን ቀን ነው የከበደኝ።

ስመለስ መምህሩ ትምህርቱን ጀምሯል። ቀኑ የጠያቂ ነውና ቃሉንም ከዚያው አምጥቷል። አንዱ "ቪዚተር" ነው፤ አንዱ "ገስት"።

"በአማርኛ ስንመልሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እንግዳ እንላቸዋለን" አለ መምህሩ። "በእንግሊዝኛው ግን ለየብቻ ናቸው። ዛሬ ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ዘመዶቻችን ቪዚተር ናቸው። አይተውን ይመለሳሉ። ሆስፒታል በሽተኛ የሚጠይቅም ቪዚተር ነው። ገዳም ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅም ቪዚተር ነው። ገስት ግን ተቀባይ አለው። ቤት ገብቶ የሚበላ፣ የሚያድር፣ አንድ ሰው 'የኔ ነው' ብሎ የሚያስተናግደው ነው።"

"እንዲያ ከሆነ" አለ ሹፌሩ፣ "እኛ የመንግሥት ገስት ነና! ገብተናል፤ እየበላን ነው፤ እያደርን ነው።"

"ቀን እንኳ አያስወጡንም፤ አክብረውን ነው" አለ ሌላው።

"አልጋውን ምን በላው ታዲያ?" አሉ መሪጌታ።

ሳቁ እስኪያልፍ መምህሩ ጠበቀ። ደግ ሰው ነው፤ ሳቅ አይነጥቅም።

"ሆቴል የሚያድርስ?" አለ ሹፌሩ።

"እሱም ገስት ይባላል።"

"ከፍሎ?"

"ከፍሎም።"

"አሄሄ! እሱማ ደንበኛ ነው። ከፍሎ እንግዳ አለ እንዴ!"

በዚህ ሲከራከሩ ቆዩ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይዞኛል። የባለቤቴ እጅ ከፊቴ አልሄድ ብሏል።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልሁት። "መሽቶበት ደጅህ የመጣ፣ የማታውቀው ሰው የትኛው ነው?"

ወደ እኔ ዞረ። ሌሎቹም ዞሩ። ነገሬን የማያውቅ አልነበረም።

"ገስት ነው። እርስዎን ብሎ፣ እርስዎን ሊያይ አልመጣም፤ ስለዚህ ቪዚተርዎ አይደለም። አስገብተው አሳደሩት፤ ስለዚህ ገስትዎ ነው።"

"ጥሩ። ገስትነቱ የሚያበቃ መቼ ነው?"

መምህሩ ከሰሉን በጣቱ ያሽከረክራል።

"ከቤትዎ ሲወጣ ነው" አለ። "እንግሊዝኛው እንዲያ ነው የሚለው። ቤትዎ እስካለ ድረስ ገስት ነው። ተሰናብቶ ከበር ሲወጣ በቃ፤ መንገደኛ ይሆናል። የእርስዎም ድርሻ እዚያው ያልቃል።"

"በሩ ላይ?"

"በሩ ላይ።"

"እምቢ!" አሉ መሪጌታ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሥተው ተቀመጡ። "እኔ ልጅነቴን በሙሉ እንግዳ ነበርሁ። የቅኔ ተማሪ ቤት የለው፤ ለምኖ በልቶ የሰው ቤት ያድራል። ስለዚህ ነገር እኔን ጠይቁኝ። ለቆሎ ተማሪ ጠላቱ ረኀብ አይደለም፤ የመንደር ውሻ ነው። ማታ አብልቶ አስተኝቶ ጠዋት 'በል ደህና ሁን' ብሎ በሩን የዘጋ ሰው አለ። ከበሩ እስከ መንደሩ ዳርቻ ውሻው ተረባርቦ ባቴን ዘነጠለው። ጠባሳው ይኸው። ሌላው ደግሞ ዱላውን ይዞ ከመጨረሻው ውሻ አሳልፎኝ ይመለሳል። እንግዲህ የትኛው ነው ያሳደረኝ? ከውሻ ያላሳለፈኝ አሳደረኝ አልልም። ለውሻ ነው ያበላኝ።"

ሹፌሩ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባታችን ውሻው ገና አላለፈም ነው የሚሉ" አለ።

"ዝም በል አንተ፤ ይሰሙሃል" አሉት መሪጌታ።

መምህሩ ግድግዳውን በክርኑ አጠፋና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላው ሰው እንዳይሰማ አድርጎ ነገረኝ።

"አባቴ፣ ያን ያልሁት ለትምህርት ብቻ አልነበረም።"

"አውቄብሃለሁ።"

"ሰውየው ከሄደ ቆይቷል። እስካሁን በዚያ መንገድ አይቆይልዎትም። ቢናገሩት ምናልባት ማንንም አይጎዳም። ባለቤትዎን አይቻለሁ፤ እኔም ወደ አጥሩ ወጥቼ ነበር። ሰው እኮ የሚችለውን ነው የሚሸከም።"

"አንተ ብትሆን ትናገራለህ?"

"እኔን ይተዉኝ።"

"አየህ፣ ልትሰጠኝ የፈለግኸውን አንተ አትበላውም።"

እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ያ በር ላይ የሚያልቀው እንግድነት ጥሩ ነገር ሆኖ ታየኝ። ሰው ቀለል ብሎት የሚኖርበት ነው። ከበር ወጣ፤ በቃ። እኔም ተናግሬ እወጣለሁ፤ ማጭዴን አነሣለሁ። ይህን ሳስብ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ ስሜን ሲጠራም እያሰብሁት ነበር።

የመርማሪው ክፍል ፀሐይ ይገባዋል። ከጨለማ ወጥቶ ለሚመጣ ሰው ዓይን ያቃጥላል። መርማሪው ወጣት ነው፤ በዕድሜው ልጄ ይሆናል። አነጋገሩ የእኛው አገር ነው፤ ሊደብቀው ቢሞክርም ሲቆጣ ያመልጠዋል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ጠርቶኝ ጮኾብኛል፤ አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን መትቶ ቀለሙ ተደፍቶበታል። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ ፔርሙስና ሁለት ብርጭቆ ነበር።

"ተቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥሁ። ሻይ ቀዳ። ስኳሩን አብዝቶ አማሰለና ወደ እኔ ገፋው። "ጠጣ።"

"ልጠጣው?"

"ጠጣ እንጂ። ለአንተ ነው።"

ጠጣሁ። ከገባሁ ጀምሮ ትኩስ ነገር አፌ አልገባም ነበር። ሆዴ ሲሞቅ ተሰማኝ። እሱም ጠጣ። አልተቻኮለም።

"ባለቤትህ መጥታ ነበር አሉኝ።"

"መጥታለች።"

"ጤፍህ እየረገፈ ነው አሉ።"

"አዎን።"

"አያሳዝንህም?"

"ያሳዝነኛል እንጂ። ያባትህ ማሳ ቢሆንስ አንተን አያሳዝንህም?"

ወረቀቱን ማስተካከል ጀመረ። የተስተካከለውን ወረቀት እንደገና አስተካከለው።

"በየት ሸኘኸው?"

ያን ጊዜ ሹፌሩ ያለኝ ጭጋግም፣ መምህሩ ያሳየኝ በርም ከፊቴ ቆሙ። ሁለቱም ክፍት ናቸው። ግን አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

"አውቃለሁ፤ አልነግርህም።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እስከ ዛሬ ዝም ነበር የምትል።"

"ዝም ስልህ አላውቅም ያልሁ እንዳይመስልህ ብዬ ነው። አውቀዋለሁ።"

"ሰውየው ምንህ ነው?"

"እንግዳዬ።"

"ነበር በል። ከቤትህ ከወጣ ከርሟል።"

"ገና የራሱ ደጅ አልደረሰም።"

"አለመድረሱን በምን አወቅህ?"

"መድረሱን በምን ልወቅ? አልነገራችሁኝ። ብትይዙት ኖሮ እኔን አትጠይቁኝም ነበር።"

"ታዲያ እስከ መቼ ነው እንግዳህ?"

"እሱን ሳስብ ነው የዋልሁ። ያወቅሁት ነገር የለም። እንዲያው እስከምሞት ይመስለኛል።"

አላሾፍሁበትም። እንዲያ ነበር የመሰለኝ፤ እንዲያው ነገርሁት። መርማሪው ወንበሩን ደገፍ ብሎ ብዙ አየኝ። ሊጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም።

"አባትህ እንግዳ ሲሸኝ እስከ የት ይሄድ ነበር?" አልሁት።

"እስከ ወንዙ" አለ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። "እዚህ ጠያቂው እኔ ነኝ!" ጠረጴዛውን መታ። ሻዩ ፈሰሰ። ፖሊሱን ጠርቶ "ውሰደው!" አለው።

ፖሊሱ ክንዴን ያዘ። እኔ አልተነሣሁም።

"ተነሥ!" አለኝ ፖሊሱ።

"ልጄ" አልሁት መርማሪውን፤ "ና ጠጣ ብለህ አጠጥተኸኛል። የተቀመጥሁበት ያንተ ቤት ነው። አስረህ ባመጣኸኝ ሰዓት እስረኛህ ነበርሁ፤ ሻይህን ከጠጣሁ ወዲህ ግን እንግዳህ ነኝ። በፖሊስ ክንድ አልወጣም። ሸኘኝ።"

ፖሊሱ ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። እምቢ ቢል ምን እንደማደርግ አላሰብሁበትም ነበር፤ ብቻ እግሬ አልነሣም ብሏል። ሰው ሁሉን ነገር ተነጥቆ ሲቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣበታል።

መርማሪው ተነሣ። በጠረጴዛው ዞሮ ሲመጣ በጥፊ ይለኛል ብዬ ፊቴን አጠነከርሁ። ፖሊሱን "ልቀቀው" አለው። በሩን ከፈተና ቆመ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ እሱም ተከትሎኝ ወጣ።

ግቢውን አብረን አቋረጥን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ረግፎ ነበር፤ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ሌላው መርማሪ በመስኮት ያየናል። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እንግዳና ሸኚ ሲሸኛኙ የሚያወሩት አያጡም፤ እኛ ግን የምናወራው አልነበረንም። የክፍሉ በር ጋ ስንደርስ ቆመ።

"በቃ፤ ይግቡ" አለኝ።

እስከዚያ ድረስ አንተ ነበር የሚለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ። በደህና ተመለስ" አልሁት፤ ተሸኚ እንደሚለው። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ። ፖሊሱ በሩን ከፈተልኝ፤ ገባሁ።

ሹፌሩ በበሩ ቀዳዳ ሲያይ ኖሮ ሊፈነዳ ነው። "አባቴ! ራሱ መርማሪው! ምን ሆነ? ሊፈቱ ነው?"

"አይደለም።"

"ነገሩት?" አለ መምህሩ። ድምፁ ቀጥኗል።

"አልነገርሁትም።"

"ታዲያ ምን ብሎ ሸኘዎት?"

"ሻይ ጠጥቼበት።"

መሪጌታ ሳቃቸው ሳል ሆኖ ሊያፍናቸው ደረሰ። መምህሩ ግን አልሳቀም። ጋቢውን አንጥፎ "ይቀመጡ" አለኝና ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ።

በዚህ የተፈታሁ እንዳይመስል። በማግሥቱ ሌላ መርማሪ ተተካ። እሱ ሻይ አልነበረውም። ስለ እሱ የምለው የለኝም። ጥምቀት አልፎ፣ መንገድ አቧራ ሲሆን፣ አንድ ቀን "ዕቃህን ያዝና ውጣ" አሉኝ። ለምን እንደያዙኝ እንጂ ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝ የለም። ቤቴ ስደርስ የላይኛው ማሳ ጤፍ ረግፎ አልቋል፤ የታችኛውን ባለቤቴና ወንድሟ አጭደው ወቅተውታል። ጎተራውን ከፍታ አሳየችኝ። ግማሽ አይሞላም።

"ተናገርህ?" አለችኝ።

"አልተናገርሁም።"

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። "እንግዲያው ይህን አብቃቅተን እንበላለን" አለች። አላመሰገነችኝም፤ አላመሰግንህም ብላኝም ነበር። ያን ክረምት ከሰኔ ጀምሮ ቆጥበን በላን። ሌላ እንግዳ ሲመጣም ከዚያው በላ።

መምህሩን ከዓመታት በኋላ ማርቆስ ገበያ አገኘሁት። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጫማው ግን እንደ ድሮው ነው። ተቃቅፈን ቆምን፤ ሰው እየገፋን ያልፋል።

"ያን ዕለት ላስፈታዎት ብዬ ነበር" አለኝ።

"አውቃለሁ። ቃሉ ግን እውነት ነበር? ከበር ከወጣ ገስት አይደለም?"

"እውነት ነበር። ቋንቋው እንዲያ ነው።"

"ደግ ቋንቋ ነው። ሸክም ያቀላል" አልሁት።

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አሁን አርጅቻለሁ። ወደ ደጄ ባጃጅ ይመጣል፤ እንግዳም መሽቶበት "አሳድሩ" የሚል እየቀነሰ ነው፤ ሁሉም ደውሎ ነው የሚመጣ። ያኔ የጠየቁኝ ሰዎች የት እንደደረሱ አላውቅም። ስለዚያ ሰው የሚጠይቀኝ ማንም የለም፤ ብናገርም የሚይዘኝ የለም። አንዳንዴ ማታ በረት ስዘጋ ይታወሰኛል። ደርሶ ይሆናል፤ ልጆች ወልዶ ይሆናል፤ ሞቶም ይሆናል። ስሙን አላውቅ፤ ማንን ልጠይቅ?

ይህን ስጽፍ ፊደሉ እያስቸገረኝ ብዙ ቀን ወስዶብኛል። ያነበበልኝ ሰው "በየት በኩል እንደሄደ ሳይጽፉት ረሱት" አለኝ። አልረሳሁትም። መድረሱን እስካሁን የነገረኝ የለም።